«ገንዳ»፣ «ጥንስስ»፣ «ገፈት»፤ የቤት ውስጥ የኮራል ገንዳ አመሠራረት ታሪክና የአማርኛ ስያሜዎቹ

የባሕር ውሃን በመስተዋት ገንዳ ውስጥ አኑሮ፣ ዓሣንና ኮራልን በመኖሪያ ቤት ማሳደግ በልዩ ልዩ አገሮች የሚሠራበት የታወቀ ሙያ ነው። ሙያው የራሱ መሣሪያ፣ የራሱ የሥራ ቅደም ተከተል፣ እንዲሁም የራሱ የቃላት ክምችት አለው። አዲስ ገንዳ እንዴት እንደሚመሠረት በአማርኛ ለማስረዳት የተነሣ ጸሐፊ ግን ገና ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ይደናቀፋል። የዕቃዎቹን ስም እንዳሉ ቢወስዳቸው ጽሑፉ የውሰት ቃል ድርድር ይሆንበታል፤ ከግዕዝ ሥር እያወጣ ቢሰይማቸው ደግሞ አንባቢው ለእያንዳንዱ ቃል ሌላ ማብራሪያ ይሻል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ሦስተኛ መንገድ አለ የሚል ነው። ይህም መንገድ የሚታየው በመጀመሪያ የሙያውን ታሪክ ለተከታተለ ሰው ነው፤ ምክንያቱም ሰዎች የታሰረ ውሃ በምን ኀይል ሕያው ሆኖ እንደሚቆይ ያላቸው አስተሳሰብ በተለወጠ ቁጥር፣ ቃላቱም አብረው ተለውጠዋልና። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከዋናው ስም እንጀምር። «አኳሪየም» የተባለው ቃል ለባሕር እንስሳት ማኖሪያ መጠሪያ ሆኖ የተስፋፋው እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው መጠሪያ «ቪቫሪየም» ሲሆን፣ ትርጉሙም የሕያዋን ማኖሪያ ማለት ነው፤ በ1853 በለንደን የእንስሳት ማሳያ ሥፍራ ለሕዝብ የተከፈተው የዓሣ ቤትም በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ጎስ «አኳ ቪቫሪየም» የተባለውን ጥምር ቃል ለአፍ የማይመች ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ የዕፀዋት ሊቃውንት የውሃ ተክል ለሚያሳድጉበት ገንዳ ይጠቀሙበት የነበረውን አጭር ቃል መረጠ። የሚያስገርመው ግን ይህ ቃል በጥንቱ ላቲን የከብት ውሃ ማጠጫ ማለት መሆኑ ነው። እንግዲህ ዛሬ የሠለጠነ ሳሎን ጌጥ የሆነው ዕቃ ስሙን የተዋሰው ከበረት ደጃፍ ነው ማለት ነው። በእኛም አገር ከብት ውሃ የሚጠጣበት ዕቃ «ገንዳ» ይባላል። ስለዚህ «የባሕር ገንዳ» የሚለውን ስያሜ ተራ ነው ብሎ የሚያጣጥል ሰው ቢኖር፣ የላቲኑም ቃል ከዚህ የተሻለ የዘር ሐረግ እንደሌለው ሊነገረው ይገባል።

ቃሉ ከመስፋፋቱ በፊት ግን ሥራው ተጀምሮ ነበር። ኮራልን በቤቷ ለረጅም ጊዜ በማኖር ቀዳሚ ሆና የምትጠቀሰው አና ታይን የተባለች እንግሊዛዊት ናት። በ1846 ቶርኪ ከተባለው የባሕር ዳር ከተማ ትናንሽ ድንጋይ ሠሪ ኮራሎችን ሰብስባ፣ በመንገድ እንዳይንገላቱ በመርፌና በክር ከሰፍነግ ጋር ሰፍታ፣ በባሕር ውሃ በተሞላ ማሰሮ ወደ ለንደን ወሰደቻቸው። ባሕሩ ሩቅ ስለ ነበረ ውሃውን በየቀኑ መለወጥ አልተቻላትም። ያገኘችው ዘዴ የቤት ሠራተኛዋ ውሃውን በተከፈተ መስኮት ፊት ከዕቃ ወደ ዕቃ እያንቆረቆረች በየቀኑ ለግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ እንድታገላብጠው ማድረግ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የባሕር ተክል ጨመረችበት። ኮራሎቹ ሦስት ዓመት ያህል ኖሩ፤ ተዋለዱም። እነዚህ የቀዝቃዛ ባሕር ኮራሎች እንጂ እንደ ቀይ ባሕሮቹ አምባ የሚገነቡ አልነበሩም፤ ሆኖም የቤት ኮራል ገንዳ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ስሟ ያልተመዘገበው የቤት ሠራተኛም የዘመናችን የውሃ መዘውር የሚሠራውን ሥራ በክንዷ ስትሠራ እንደ ነበረ መዘንጋት የለበትም።

በዚያው ዘመን ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት በሌላ አቅጣጫ ይመራመር ነበር። በጨው አልባ ውሃ ገንዳ ውስጥ ሁለት ወርቃማ ዓሣዎችንና አንድ የውሃ ሣር አኖረ። ሣሩ ለዓሣዎቹ ኦክሲጅን ሰጠ፤ ዳሩ ግን የረገፈው ቅጠል እየበሰበሰ ውሃውን አደፈረሰው። ቀንድ አውጣዎች በጨመረ ጊዜ ብስባሹን በሉለት፤ እንቁላላቸውም ለዓሣዎቹ ምግብ ሆነ። ዋሪንግተን ይህን ውጤት በ1850 ለኬሚካል ማኅበር አቀረበ። ከዚህም «ሚዛን» የሚለው ጽንሰ ሐሳብ ተወለደ፤ ይኸውም እንስሳና ተክል በልክ ከተመዛዘኑ ውሃው ሳይለወጥ ይኖራል የሚል ነው። አሳቡ ማራኪ ነበር፤ ግን ጎዶሎ ነበር። በሚታየው እንስሳና በሚታየው ተክል መካከል የማይታይ ሦስተኛ ሠራተኛ መኖሩን ገና ማንም አላወቀም።

ያን ሠራተኛ ካሳዩት ሊቃውንት አንዱ፣ ታሪክ እንደዚህ ዓይነት ገጠመኝ ይወዳልና፣ የዚሁ ኬሚስት ልጅ ነው። ስሙም እንደ አባቱ ሮበርት ዋሪንግተን ነው። በ1877 ሽሎዚንግና ሙንትስ የተባሉ ፈረንሳውያን አሞንያ ወደ ናይትሬት የሚለወጠው በረቂቅ ሕያዋን አማካይነት መሆኑን አሳይተው ነበር። ልጅየው ዋሪንግተን በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ ለውጡ በሁለት ደረጃ እንደሚከናወን ተረዳ፤ በመጀመሪያ አሞንያው ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ናይትራይቱ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ሩስያዊው ሰርጌ ቪኖግራድስኪ ደግሞ በ1890 እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ ለማሳደግ በቃ። አባት በገንዳ ውስጥ ያልታየው ነገር በልጅ ዘመን በአፈር ውስጥ ተገኘ። ይህ እውቀት ወደ ዓሣ አርቢው ቤት እስኪደርስ ግን ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል።

አዲስ ገንዳ በሚመሠርት ሰው ዘንድ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ይህ ለውጥ ነው። ገንዳው ውሃና ጨው በተሞላ ዕለት የጠራ ይመስላል፤ ነገር ግን ባዶ ነው። በዚያው ዕለት ዓሣ ቢገባበት፣ ዓሣው የሚያወጣው አሞንያ የሚለውጠው አጥቶ መልሶ ዓሣውን ይመርዘዋል። ስለዚህ ባክቴሪያዎቹ በድንጋዩና በአሸዋው ላይ እስኪራቡ ድረስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ መጠበቅ የግድ ነው። ይህን የጥበቃ ጊዜ እንግሊዝኛ «ማዞር» ወይም «ማሽከርከር» በሚል ዓይነት ቃል ይጠራዋል፤ ቃሉ የናይትሮጅንን ዑደት ለማመልከት የገባ ነው። በአማርኛ «ገንዳውን ማዞር» ብሎ መተርጐም ግን አንባቢን ያሳስታል፤ ገንዳውን ገልብጦ የሚያዞር ሰው ባይገኝ እንኳ፣ መዘውሩን አስነሥቶ ውሃውን ማዟዟር ይበቃል ብሎ የሚያስብ አይጠፋም። «ዑደተ ናይትሮጅን» ማለትም ለኬሚስትሪ መማሪያ መጽሐፍ እንጂ ለቤት ሥራ አይመችም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሚያቀርበው ቃል «ጥንስስ» ነው።

ጠላ ጠማቂ ጌሾዋንና ብቅሏን ከውሃ ጋር አዋሕዳ በጋን ውስጥ ስታስቀምጥ ጠነሰሰች እንላለን። በጥንስሱ ወቅት የሚታይ ሥራ ጥቂት ነው፤ የማይታየው ግን ብዙ ነው። የምትጠነስሰው ሴት ረቂቅ ሕያዋንን በዐይኗ አይታ አታውቅም፤ መቼ እንደ ደረሰ ግን በሽታው፣ በመልኩና በቀኑ ቍጥር ታውቃለች። ገንዳ መሥራችም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ በሽታ ፋንታ በመለኪያ ጠብታ አሞንያና ናይትራይት ከፍ ብለው መልሰው ወደ ዜሮ መውረዳቸውን መከታተሉ ብቻ ነው። በዚህ ስያሜ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። በጋን ውስጥ የሚካሄደው መፍላት ነው፤ በገንዳው ውስጥ የሚካሄደው ደግሞ ኦክሲጅን የሚጠይቅ ለውጥ ነው፤ ሁለቱ በኬሚስትሪ አንድ አይደሉም። ተቃውሞው እውነት ቢሆንም ስያሜውን አይሽረውም። የሙያ ቃል የነገሩን ባሕርይ በሙሉ እንዲሸከም አይጠበቅበትም፤ ሠራተኛው ማድረግ የሚገባውን እንዲያደርግ ከረዳ ይበቃል። «ጥንስስ» የሚል ቃል የሰማ ሰው ምንም ሳይነገረው ሊጠብቅ እንደሚገባ ያውቃል። «ዑደት» የሰማ ሰው ግን አያውቅም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። የጎስ መጽሐፍ በእንግሊዝ አገር ብርቱ የገንዳ ፍቅር ቀሰቀሰ። ባሕር የራቃቸው ሰዎች እንዲጠቀሙበት ጎስ ራሱ ሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ ከአራት ጨዎች ቀምሟል፤ እነርሱም የገበታ ጨው፣ ማግኒዝየም ሰልፌት፣ ማግኒዝየም ክሎራይድና ፖታስየም ክሎራይድ ናቸው። በቅመማው ውስጥ የካልሲየም ጨው የለም፤ ካልሲየም ከሌለ ደግሞ ኮራል ዐጽሙን ሊሠራ አይችልም። በዚህ አጋጣሚ ለእኛ አገር አንባቢ አንድ ነገር ማስገንዘብ ይገባል። የአፋር ዝቅተኛ ምድር ጨው የጥንት ቀይ ባሕር ውሃ ተንኖ የተወው ነው፤ ነገር ግን አሞሌን በውሃ ማሟሟት ባሕርን አይመልስም። ባሕር ሲተን ጨዎቹ በየተራ ተለያይተው ይዘቅጣሉና፣ ለገበታ የሚሆነው ለብቻው ይቀራል። በዛሬው ጊዜ በገበያ የሚገኘው የገንዳ ጨው ዋና ዋናዎቹን ጨዎችና ጥቃቅኖቹን ንጥረ ነገሮች በባሕሩ ልክ አጣምሮ የያዘ ነው። ስለዚህ «ጨው» ብቻ ሳይሆን «የባሕር ጨው ቅመም» ብሎ መጥራቱ ከስሕተት ያድናል።

የእንግሊዞቹ ፍቅር በ1860ዎቹ በረደ። ያስከተለው ጉዳት ግን አልጠፋም። የጎስ ልጅ ኤድመንድ ጎስ በ1907 ባሳተመው የሕይወት ታሪክ፣ የአባቱን መጽሐፎች ያነበቡ ሰብሳቢዎች የባሕሩን ዳርቻ እንዴት እንዳራቆቱት በሐዘን መዝግቧል። ይህ ነገር በኋላም በሞቃታማ ባሕሮች ላይ ተደግሟል፤ ከስያሜም ጋር ግንኙነት አለው።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ የቤት ገንዳዎች ውስጥ ይታይ የነበረው ኮራል በአብዛኛው የሞተ ነበር። ባለቤቱ ነጩን ዐጽም በየጊዜው አውጥቶ፣ ዋቅላሚው እንዲለቅ በበረኪና አጥቦ፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ከጠጠሩ ሥር ውሃ የሚስብ ማጣሪያ ይነጠፋል፤ በላዩ ዓሣ ይዋኛል፤ ኮራሉ የመድረክ ጌጥ ነው። በተቃራኒው በጃካርታ ይኖር የነበረው ሊ ቺን ኤንግ በ1961 ባወጣው ጽሑፍ ሌላ መንገድ አመለከተ። ከባሕር የወጣ፣ ሕያዋን የሰፈሩበት ድንጋይ፣ የተፈጥሮ የባሕር ውሃ፣ ብርሃንና ጥቂት የአየር አረፋ፤ ሌላ ማጣሪያ የለም። አሠራሩ በቀላልነቱ ምክንያት በጊዜው ብዙ ተከታይ አላገኘም፤ በኋላ ግን የሙያው ሁሉ መሠረት ሆነ።

የሊን ድንጋይ እንግሊዝኛ «ሕያው ድንጋይ» ይለዋል። ይህንኑ በአማርኛ መድገም ይቻላል፤ ግን ቃሉ በራሱ አገር እንኳ ክርክር አላጣም፤ ድንጋዩ የሞተ የኮራል ዐጽም ነው፤ ሕያው የሆኑት በላዩና በቀዳዳው የሰፈሩት ናቸው። አማርኛ ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ የሠለጠነ ቃል አለው። ካለፈው ሊጥ ተርፎ አዲሱን ሊጥ የሚያስነሣው «እርሾ» ይባላል። ከነባር ገንዳ ወይም ከባሕር ወጥቶ ለአዲሱ ገንዳ ሕይወት የሚያወርሰው ድንጋይ በሥራው እርሾ ነው፤ «እርሾ ድንጋይ» ሊባል ይገባል። የስያሜው ጥቅም በዚህ አያበቃም። ባክቴሪያ ለማውረስ ጥቂት እርሾ ይበቃል፤ ብዙውን ክፍል ከየብስ በተቈፈረ ወይም በሰው በተሠራ ደረቅ ድንጋይ መሙላት ይቻላል። «ሕያው ድንጋይ» የሚለው ስም ገዥውን ገንዳውን በሙሉ ከባሕር በተነቀለ ድንጋይ እንዲሞላ ያባብለዋል፤ «እርሾ» ግን በባሕርዩ ጥቂት ነው፤ ማንም ሰው ሊጡን በሙሉ እርሾ አያደርግም።

የአሁኑ የኮራል ገንዳ መልኩን የያዘው በይበልጥ በጀርመንኛ ተናጋሪዎች መካከል ነው። ፔተር ቪልከንስ በ1973 ስለ ሞቃታማ ባሕር ታናናሽ እንስሳት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ኮራል ዐጽሙን እንዲገነባ የኖራ ውሃ መጨመርን አስተማረ። የጎስ ቅመም የጐደለው ነገር እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ ተሟላ። ለዚህ ቃል መፈለግ አያሻም፤ ኖራ ኖራ ነው። (የሚያቃጥል ነገር ስለሆነ በጠብታ እንጂ በአንድ ጊዜ እንደማይጨመር ግን ማስጠንቀቅ ይገባል።) በርሊን ላይ የተሻሻለው አሠራር ደግሞ እርሾ ድንጋይን፣ ብርቱ ብርሃንንና አረፋ አንሺ መሣሪያን አጣመረ። በአሜሪካ ጆርጅ ስሚት በ1986 በመጽሔት ያወጣቸው ተከታታይ ጽሑፎች የቤት ኮራል ገንዳን በሕዝብ ዘንድ አስተዋውቀዋል።

አረፋ አንሺው መሣሪያ ልዩ ማብራሪያ ይፈልጋል። ደቃቅ የአየር አረፋ በውሃው ዓምድ ውስጥ ሲወጣ፣ የፕሮቲንና የመሳሰሉት ቅባታም ቅሪቶች በአረፋው ገጽ ላይ ይለጠፋሉ፤ ቡናማ ሆነው ወደ ላይ ተንሳፈው በጽዋ ይጠራቀማሉ። የውጭው ስም ቃል በቃል ቢተረጐም «የፕሮቲን ገፋፊ» ይሆናል። ሆኖም በጠላ ላይ የሚንሳፈፈውን ቆሻሻ አማርኛ «ገፈት» ይለዋል፤ «ገፈት ቀማሽ» የሚለው ዘይቤም ከዚሁ የመጣ ነው። ስለዚህ መሣሪያው «ገፈት መግፈፊያ» ቢባል ስምና ግብር ይስማማሉ። በገንዳው ሥር የሚጠራቀመው ብስባሽ «አተላ»፣ ገና ያልጠራው ውሃ «ጉሽ» ቢባሉም እንዲሁ የሚያስኬድ ነው። ከዋናው ገንዳ ሥር ተሰውሮ ማሞቂያውንና መግፈፊያውን የሚይዘው ሁለተኛ ገንዳ «ጓዳ ገንዳ» ሊባል ይችላል፤ እንግዳ የማያየው፣ የቤቱ ሥራ ግን የሚሠራበት ሥፍራ ነውና።

ቃላቱ በአረፍተ ነገር ውስጥ ካልተፈተኑ ዋጋ የላቸውም። ስለዚህ የአንድ አዲስ ገንዳ አመሠራረት በእነርሱ እንደሚከተለው ይነገራል። ገንዳውና ጓዳ ገንዳው በጠንካራና በተስተካከለ መቆሚያ ላይ ይቀመጣሉ። የባሕር ጨው ቅመም በተጣራ ውሃ ይሟሟል፤ መጠኑም በአንድ ኪሎ ግራም ውሃ 35 ግራም ጨው ያህል ሲሆን፣ ሙቀቱ ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠበቃል። ደረቅ ድንጋዩ ውሃ እንዲያሳልፍ ሆኖ ይካባል፤ እርሾ ድንጋዩ በመካከሉ ይገባል። ጥቂት የአሞንያ ምንጭ ተጨምሮበት ይጠነሰሳል። ጥንስሱ መድረሱ የሚታወቀው አሞንያውና ናይትራይቱ ሲጠፉና ናይትሬቱ ሲታይ ነው። ከውሃው ከፊሉ ተለውጦ፣ ገፈት መግፈፊያው ሥራውን ከጀመረ በኋላ፣ አንድ ወይም ሁለት ዓሣ፣ ቀጥሎም ቻይ የሆኑ ለስላሳ ኮራሎች ይገባሉ። የሚተነው ውሃ እንጂ ጨው ስላልሆነ፣ የጐደለው የሚሞላው በጨው አልባ ውሃ ነው። ከዚህ አንቀጽ ውስጥ አንባቢን የሚያቆም ቃል ቢኖር የኬሚስትሪው ስም ብቻ ይመስለኛል፤ እርሱም በትምህርት ቤት የተለመደ ነው።

የቀረው ከባዱ ጥያቄ የእንስሶቹ ስም ነው። ለኮራል «ዛጎል» የሚሉ አሉ፤ ግን ዛጎል የቀንድ አውጣ ዘመድ ቤት ነው፤ ኮራል ደግሞ ብዙ አፍ ያለው እንስሳ ነውና ሁለቱን ማደባለቅ ለወደፊት የሥነ ሕይወት ጸሐፊ ጣጣ ማትረፍ ነው። የዓረብኛው «መርጃን» በተለይ የሚያስታውሰው ቀዩን ጌጥ ነው። ስለዚህ እንስሳው «ኮራል» እንደ ተባለ ቢቀር፣ በብዛት ተከማችቶ የሚሠራው ተራራ ግን «የኮራል አምባ» ቢባል ይሻላል። አምባ ራሱ ገደላማ፣ አናቱ ሜዳማ፣ ሰውም የሚሰፍርበት ነው፤ በባሕር ውስጥ ያለውም እንዲሁ ነው።

የዓሣዎቹን ስም በሚመለከት ደግሞ መልካም ምሳሌ አለ። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ፔተር ፎርስኮል በ1762 እና በ1763 በቀይ ባሕር ዳርቻ ሲጓዝ፣ ያገኛቸውን ዓሣዎች ስማቸውን ከዓሣ አጥማጆች እየጠየቀ መዘገበ። በ1763 በየመን ሲሞት፣ ከጉዞው በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ጽሑፉን በ1775 አሳተመለት። «ሶሃል»፣ «ሐሪድ»፣ «ቦሃር»፣ «አቡደፍዱፍ» የተባሉት የአጥማጆቹ ቃላት እስከ ዛሬ በሳይንሳዊው ስም ውስጥ ይገኛሉ፤ ሶሃሉም በቤት ገንዳ አርቢዎች ዘንድ በውበቱም በጠበኛነቱም የታወቀ ነው። አማርኛ የደጋ ቋንቋ ነውና የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ስም እንጂ የኮራል አምባ ዓሣ ስም የለውም። በአፋርኛ፣ በትግረና በዳህላክ ደሴቶች በሚነገረው ዳህሊክ የሚናገሩ የባሕር ሰዎች ግን ከነዚህ ዓሣዎች ጋር በየቀኑ ይውላሉ። ኤርትራ በ1993 ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ዳህላክና ምጽዋ ከኢትዮጵያ ውጭ ናቸው፤ ቃል መዋስ ግን የጉምሩክ ፈቃድ አያሻውም። በ1989 የሞናኮ የውቅያኖስ ሙዚየም ሕያው የኮራል አምባ ለማሳየት ሲነሣ፣ ኮራሉን ያስመጣው ከጅቡቲ ነበር። ኮራሉ ወደ ሞናኮ ሲሄድ በአፋርና በሶማሌ አጥማጆች አፍ የሚጠራበት ስም አብሮት አልሄደም። የስም መዝገቡ ሥራ መጀመር ያለበት ከዚያ ዳርቻ ነው፤ ይኸውም አንድ የዓሣ ሥዕል መጽሐፍ ይዞ፣ እያንዳንዱን ዓሣ እያሳየ፣ ስሙን ከነአነባበቡ እየጠየቀ በሚጽፍ ሰው ነው።